የጃኬቴን ባዶ ኪስ ያገኙት የእንጅባራው ኮርቻ ሰፊ

ምስጋናዬ ለሁለት ነው። አንደኛው የሞተር ጃኬቴን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ሁለተኛው እንጅባራ ውስጥ ኮርቻ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ኩባንያው ይህን አያነብም፤ እሳቸውም ፌስቡክ የላቸውም። ስለዚህ ለናንተ ለሞተረኞች ልንገራችሁ።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ከቡሬ ተነስቼ በሞተር ቀበሌ ለቀበሌ ስዞር እውላለሁ። ሰኔ ላይ ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ስሄድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሁለት በጎች ከቦዩ ዘለው አስፋልቱ መሀል ገቡ። ፍሬን ያዝሁ። ከዚያ ወዲያ ትዝ የሚለኝ ሞተሩ ከፊቴ ሲንሸራተት፣ እኔም በግራ ጎኔ ተከትዬው ስሄድ ነው። በጎቹ ደህና ናቸው። ባለቤታቸው ሮጦ ሲመጣ ከኔ በፊት እነሱን ነው ያገላበጠው። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ሙያዬ ነው።

ተነስቼ ራሴን ስዳስስ ክርኑ ላይ ቆዳው ተፍቋል፤ ትከሻው ላይ ስፌቱ ተተርትሯል። የጃኬቱ ማለቴ ነው። ከውስጥ ያለው የኔው ቆዳ ደህና ነው። ሱሪዬ ግን ተራ ጂንስ ስለነበር ጉልበቴ አልታደለም። ሁለት ሳምንት አነከስሁ።

ጃኬቱ የዳይኔዜ ነው። የአክስቴ ልጅ ከጣሊያን ያገለገለ ገዝታ የላከችልኝ። ኩባንያው በ1972 እ.ኤ.አ. ቪቼንዛ አካባቢ የተቋቋመ ሲሆን የጀመረው በሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ የሚደረግ የሞተር ውድድር) የቆዳ ሱሪ ነው። የሞተር ውድድር የምታዩ ሰዎች ቫለንቲኖ ሮሲ ልብስ ላይ የነበረችውን ቀይ የሰይጣን ራስ ታውቋታላችሁ። እናቴ ያችን ምልክት አይታ «ይህን ለብሰህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳትረግጥ» ብላኛለች። ዛሬ ለበረዶ ሸርተቴም፣ ለተራራ ብስክሌትም መከላከያ ይሠራሉ፤ ለፈረስ ግልቢያም ሠርተው ያውቃሉ። ሰው ሲወድቅ አየር የሚሞላ ልብስም አላቸው። በትልቁ የዓለም የሞተር ውድድር በሞቶጂፒ ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤርባግ የሌለው ልብስ ለብሶ መወዳደር አይፈቀድም። የኔው ግን ክርኑና ትከሻው ላይ ጠንካራ መከላከያ የገባበት የቆዳ ጃኬት ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።

ወደ ጥገናው ልምጣ። መጀመሪያ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድሁት። ላዩ ላይ ጨርቅ ደርቦ በስፌት መኪና ሊያልፍበት ሲል ቀማሁት። ከዚያ ነው ሰው ወደ ጋሼ የጠቆመኝ።

ጋሼ የሚሰፉት ኮርቻና ልጓም ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ቀና ብለው ሰው አያዩም። ደግነቱ እኔ የሄድሁት ሐምሌ ላይ ነው። ጃኬቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ ገበሩን ፈቱት። «ስፌት ላይ ላዩን ከሆነ መሬት ይበላዋል» አሉ። የሚሰፉት በሁለት መርፌ ነው፤ አንዱ ከዚህ ሲገባ ሌላው በዚያው ቀዳዳ ከወዲያ ይመጣል። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ናይለኑን ክር መጀመሪያ በንብ ሰም ያሹታል። ወስፌያቸው የሚገባውም በድሮው ቀዳዳ ነው። አዲስ ቀዳዳ ከበዛ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራ ቀርቻለሁ።

መሀል ላይ እጃቸውን ጀርባው ላይ ካለው የውስጥ ኪስ ከተቱ።

«ዶክተር፣ እዚህ የነበረውን የት አደረግኸው?» (ዶክተር አይደለሁም። ብነግራቸውም አልተውም።)

«ምንም አልነበረም ጋሼ።»

«ሰው በከንቱ ይህን የሚያህል ኪስ አይሰፋም። የፈረሱን ጀርባ የሚጠብቀው እኮ ከሥር ያለው መደላድል ነው፤ የኮርቻው ቆዳማ ለዓይን ነው።»

ለካ ኪሱ የጀርባ መከላከያ መግቢያ ኖሯል! ብዙ ጃኬት ኪሱ ብቻ ተሰፍቶለት ነው የሚሸጠው፤ መከላከያው ለብቻ ይገዛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ለቆዳና ለገበር አደራ ሰጥቼ ስጋልብ ከረምሁ ማለት ነው። «እንግዲያው ስፖንጅ ያስገቡና ይስፉልኝ» አልኋቸው።

«እሱን አላውቀውም» አሉ። «የማላውቀውን ከሰፋሁልህ፣ አምነኸው ትወድቅበታለህ።»

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለዚህ መልሳቸው ብዬ ነው። ብሩን ተቀብለው ስፖንጁን ቢሰፉት ኖሮ አመስግኜ እሄድ ነበር።

ያን ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልሁላትና መከላከያውን ላከችልኝ። እናንተም ስትገዙ መለያውን አንብቡ። የአውሮፓው የጀርባ መከላከያ ቁጥር ኢኤን (EN) 1621-2 ነው። አጠገቡ ደረጃ 1 ወይም 2 ይጻፍበታል። ሲፈተሽ አምስት ኪሎ ብረት ከአንድ ሜትር ያህል ከፍታ ይለቀቅበታል። ወደ ጀርባ የሚያልፈው ኃይል በአማካይ ለደረጃ 1 ከ18 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው)፣ ለደረጃ 2 ከ9 መብለጥ የለበትም። ቁጥር የሌለው ነገር ስፖንጅ ነው ብላችሁ እለፉት። ሄልሜታችሁም አንዴ ከተመታ ቀለሙ ባይላጥም ይቀየር፤ ውስጡ ያለው ፎም የሚሠራው ተጨፍልቆ ነውና ሁለተኛ አያገለግልም።

ጋሼን የምትፈልጉ እንጅባራ መናኸሪያ ስትደርሱ «ኮርቻ የሚሰፉት ሽማግሌ» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ስሜን አትጻፍ» ስላሉኝ ነው። ስልክ አያነሱም። ቶሎ በሉ ቢሏቸው አይወዱም፤ የኔው አራት ቀን ፈጅቷል። የጠየቁኝ 700 ብር ነው። ልጨምርላቸው ብል ተቆጡኝ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን አትልፉ።

መከላከያው ኪሱ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ሊያዩት ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ።