ከ8 ወር በኋላ፦ ጥፋቱ የዴኩ አልነበረም

ይህን ዲቪዲ ዴክ ደሴ ፒያሳ ከገዛሁት 8 ወር ሆኖታል። 7ቱን ወር ስሰድበው ነው የከረምኩት።

የተገዛ ፊልም ያለ ችግር ያጫውታል፤ እሱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጉዱ የመጣው የእህቴን ሰርግ ከሚኒ ዲቪ (ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ) ካሴት ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ፣ ራሴው ባዶ ዲቪዲ ላይ በርን አድርጌ (ጽፌ) ለእማዬ የከፈትኩላት ቀን ነው። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ሙሽሮቹ ቁጭ ሲሉ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዘላል። እማዬ «እነዚህ ሰዎች ብርድ ብርድ ብሏቸዋል እንዴ?» አለችኝ። በደሴው ጦሳ ተራራ ብርድ እንዳላሳብብ ሰርጉ ኮምቦልቻ ነበር።

ዴኩን ተሸክሜ ወደ ሱቁ። ሻጩ ገና ሳይሰካው «ዲስክህ ነው» አለ። ሻጭ ሌላ መልስ አያውቅም እንዴ! ሌላ ዴክ ላይ ከተተው፤ ያው ይንቀጠቀጣል። እኔም «የምትሸጠው ሁሉ አንድ ነው» ብዬው ወጣሁ።

ለካ እውነቱን ነው። በእኛ ቲቪ በፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ምስል ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፣ ጎዶሎዎቹ መስመሮች አንድ ፊልድ (የላይኛው)፣ ሙሉዎቹ ሌላ ፊልድ (የታችኛው)። ሚኒ ዲቪ የታችኛውን ፊልድ ያስቀድማል። እኔ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም የላይኛው ይቅደም ተብሎ ተሞልቶ ነበርና ኋላ የተቀረጸው ቀድሞ ይወጣል፣ የቀደመው ይከተላል። የቆመ ነገር ላይ ምንም አይታወቅም፤ እስክስታ ላይ ግን ጉድ ነው። ላፕቶፑ ሁለቱን ፊልድ አዋህዶ ስለሚያሳይ ሸወደኝ፣ የእማዬ ወፍራሙ የድሮ ቲቪ ነው ያጋለጠኝ። ያቺን አንዲት ምርጫ ቀይሬ እንደገና ሠራሁት፣ ትከሻው ተስተካከለ።

ዲስኩ መጨረሻ አካባቢ ግን አሁንም ቀጥ ይል ነበር። ይሄኛው የስስቴ ውጤት ነው፦ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚያልፈውን የመረጃ መጠን) 9 ሜጋቢት አድርጌ፣ በ16 ኤክስ (ከመደበኛው 16 እጥፍ) ፍጥነት በርን አድርጌ። የዲቪዲ ቪዲዮ ጣሪያው 9.8 ነው፣ ቤት የተሠራ ዲስክ ላይ ጣሪያውን መነካካት ምን ይሉታል? ወደ 6 አወረድኩት፣ በ4 ኤክስ ቀስ ብዬ በርን አደረግኩ። አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ገባልኝ። የሽማግሌዎቹ ምርቃት ተረፈ፤ ወሎ ተቀምጦ ምርቃት መቁረጥ አይታሰብም፣ ሁለተኛ ዲስክ ወጣለት።

ዴኩን ታርቄዋለሁ። ሻጩን ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ሪሞቱ በ3ኛው ወር ሲሞት «ባትሪው ነው» ብሎኝ ነበር። ባትሪ ቀይሬ አየሁት። አልነበረም።