ልጃችንን ካልሲ ማድረግ ላስተማራችሁልን፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን ምስጋና ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ቆየሁ። አዲስ አበባ ላሉት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መምህራን በሙሉ፣ በተለይ ደግሞ ለልጄ ክፍል መምህርት ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ራሷ ከልክላኛለች። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ትላለች። ይሁንላት።

ልጃችን አፉን ሳይፈታ ሲቆይ ያልሰማነው ምክር የለም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ያለ አለ፤ «ዓይን በልቶት ነው» ያለም አለ። ጠበል ሄደናል፣ አሁንም እንሄዳለን። አንድ መዋዕለ ሕፃናት «ሌሎቹን ይረብሻል» ብሎ የከፈልነውን መልሶ ሸኘን። ብሩን መመለሱም አንድ ነገር ነው።

ጆይን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የውበት ባለሙያ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት ሲያጡ ራሳቸው ከፈቱ። የፊደላችንን ድምፆች ይዞ ልጆችን ወደ ንግግር የሚያመጣውን አቡጊዳ ፎኔቲክስንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። በ2021 አረፉ።

እኔ ግን ማውራት የፈለግኩት ስለ ካልሲ ነው።

ቤት ውስጥ የምናለብሰው እኛ ነበርን፤ እሱ እንደ ንጉሥ እግሩን ይዘረጋል። መምህርቷ ካልሲውን እስከ ተረከዙ አደረገችለትና እጇን አነሳች። የቀረችው አንድ መሳብ ብቻ ናት። እሷን ራሱ ሳበ። «ጎበዝ!» ተባለ፣ አለቀ። ይህን ሲለምድ ተረከዙ ጋ ሳትደርስ ማቆም ጀመረች። ቀጥሎ ጣቶቹ ላይ። እንዲህ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሰች ሙሉውን አስረከበችው። ከመጀመሪያው ብትነሳ ሰልችቶት ይወረውረው ነበር። በዚህኛው ግን ሁሌም ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው። እኛም ዘዴውን ቤት ወስደን ለሱሪ፣ ለጃኬት፣ ለዚፕ ሞከርነው። ዚፑ ገና ነው።

ሥዕሎቹም አሉ። ቁርስ፣ ታክሲ፣ ክፍል፣ ጨዋታ፣ ቤት፤ በተራ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይገለብጠዋል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ጠዋት ጠዋት የነበረው ጩኸት ቀንሷል። ጠፍቷል አላልኩም። መንገድ ተዘግቶ ታክሲው በሌላ በኩል ከዞረ ያው ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል፣ «ልጅ ቅጡ እንጂ!» የሚልም አይጠፋም።

የበሩን ጥበቃ አባባንም ሳላመሰግን አላልፍም። ልጄን በስሙ ጠርተው ሰላም ይሉታል፤ መልስ ባያገኙም በማግስቱ ይደግሙታል።

ለምትጠይቁኝ ወላጆች፦ ማዕከሉ የመጣውን ሁሉ መቀበል አይችልም፣ ወረፋው ረጅም ነው። ቢሆንም ሄዳችሁ ተመዝገቡ። የሐኪም ወረቀት ካላችሁ ያዙ። ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና ካለም ጠይቁ፤ ልጁ የሚውለው እዚያ ቢሆንም የሚያድረው እናንተ ጋ ነው። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እዚሁ አዲስ አበባ አለ። ልጃችሁ ዳውን ሲንድረም ካለበት ዲቦራ ፋውንዴሽንን ጠይቁ። ብቻ «ትንሽ ይደግ» ብላችሁ አትቆዩ።

ሌላ ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማታ ልጁ ሲተኛልኝ እመልሳለሁ።