ጎማ ያለው ኢርበድ ወይስ የሌለው?

አዳማ ላይ ርካሽ ኢርበድ (ጆሮ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማዳመጫ) ስትጠይቁ ሻጩ የሚያወራው ስለ ባትሪው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ እንዳለው ነው።

ጎማ ያለው የጆሮን ቀዳዳ ስለሚዘጋ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) አይጠፋም፣ የባጃጁ ጩኸትም ስለሚቀንስ ድምፁን እስከ ጥግ መጨመር አያስፈልግም። ልኩ ካልሆነ ግን ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ 3 መጠን ጎማ ይወጣል፣ ሰው ግን የተገጠመውን ብቻ ሞክሮ «ቤዝ የለውም» ይላል (እኔም ወር ሙሉ እንደዚያ ስል ከርሜ፣ ወደ ትልቁ ስቀይር ሌላ ዕቃ መሰለኝ)። ክፋቱ፣ በዚህ ሙቀት ጆሮ ያልባል፤ ስትራመዱም እርምጃችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ዱብ ዱብ ይላል።

ጎማ የሌለው ጆሮ ደጃፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቀላል ነው፣ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅም ይሰማል። ቤዙ ግን የሳሳ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ደግሞ ከሬዲዮው ጋር ትፎካከራላችሁ።

ለዘፈን ጎማ ያለውን፣ ቢሮ ተቀምጬ ስውል የሌለውን አደርጋለሁ። ስልክ ለማውራት ግን የአዳማ ንፋስ ማይኩን ከመታው ሁለቱም ያው ናቸው፣ «አልሰማህም፣ ቆይ ልደውልልህ» ነው።