ለባዝራ ማህፀን፦ ፒአርፒ የከፈሉበትን ያህል ይሠራል፣ ስቴም ሴሉ ገና ነው

ባዝራ በተዳቀለች ቁጥር ማህፀኗ ይቆጣል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ጤነኛዋ ቁጣውንም ፈሳሹንም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ታስወግዳለች። ዕድሜ የተጫናት፣ ማህፀኗ ወደ ታች የተንጠለጠለ ወይም የማህፀን አንገቷ በደንብ የማይከፈት ግን ፈሳሹን ይዛ ትቀራለች፤ ጽንሱ በ6ኛው ቀን ገደማ ወደ ማህፀን ሲወርድ አይረጋም። ከራሷ ደም የሚዘጋጀው ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) የበዛበት ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ)፣ ማለትም ፒአርፒ፣ የሚጠቅመው ለዚህችኛዋ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ዝግጅቱ ላይ ነው። ደሙ እንዳይረጋ ለ9 እጅ ደም 1 እጅ 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ይጨመራል፤ ሌላው የደም መርጋት መከላከያ ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ፕላትሌቱን ስለሚጎዳ አይሆንም። ከተለመዱት አሠራሮች አንዱ በ120 ጂ (ጂ የመሬት ስበት እጥፍ ነው) ለ5 ደቂቃ አሽከርክሮ ፕላዝማውን የነጭ የደም ሕዋሳቱን ሽፋን ሳይነኩ መቅዳት፣ ከዚያ በ240 ጂ ለ5 ደቂቃ መድገም ነው። የሚፈለገው ከታች የሚቀረው ነው። ክሊኒኩ የሚነግርዎ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሽከረከር ብቻ ከሆነ ይጠይቁ፤ የመሣሪያው ክንድ ርዝመት ካልታወቀ ያ ቁጥር ምንም አይገልጽም። የፕላትሌት ቆጠራም ያሳዩኝ ይበሉ፤ በማይክሮሊትር ከ250,000 በታች ከሆነ ያስመልሱት።

በብራዚል በተሞከረው አሰጣጥ 20 ሚሊ ሊትር ከተዳቀለች ከ4 ሰዓት በኋላ ማህፀን ውስጥ ይገባል፤ የነጭ ሕዋሳቱ ብዛትም ፈሳሹም ቀንሶ ታይቷል። በአልትራሳውንድ ፈሳሽ ከታየ ግን አስቀድሞ ማህፀኗ ሪንገር ላክቴት በተባለ የጨው ፈሳሽ መታጠብ፣ ፈሳሹም ማህፀንን በሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን መውጣት አለበት። ኦክሲቶሲኑ ከፒአርፒው በኋላ ወዲያው ከተሰጠ የገባውን መልሶ ያስወጣዋል። ስትሬፕቶኮከስ ወይም ኢ. ኮላይ የተባሉት ባክቴሪያዎች ያሉባት ባዝራ መጀመሪያ ተስማሚ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል፤ ብልቷ አየር የሚስብም በስፌት ሳይጠብ ሌላው ሕክምና ሁሉ ከንቱ ነው።

ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ፣ የሚታሰበው ማህፀኗ ጠባሳ ለያዘ ባዝራ ነው። ከስብ ወይም ከመቅኔ ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት ይራባል፤ እዚያው ብራዚል 20 ሚሊዮን ሕዋስ በ20 ሚሊ ሊትር ማህፀን ውስጥ ተሰጥቷል። ሕዋሳቱ ግድግዳው ውስጥ ገብተው ተገኝተዋል፤ ይህ ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም ተጨማሪ ውርንጭላ እንደሚያስገኝ በበቂ ባዝራዎች ላይ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ዛሬ ገንዘብ አውጡበት አንልም። በ1986 በወጣው፣ ከማህፀን ግድግዳ በሚወሰድ ናሙና ጉዳቱን በሚመድበው የኬኒና ዶይግ ደረጃ ናሙናዋ 3ኛ (ከሁሉ የከፋው) የሆነ ባዝራ ራሷ ተሸክማ የመውለድ ዕድሏ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ለእሷ ጽንሱን በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን አውጥቶ ጤነኛ ማህፀን ላላት ባዝራ ማዛወር ይሻላል።