ዌበር 32/36 በ5ኬ ሞተር ላይ፦ የ8 ወር አገልግሎት በደሴና ኮምቦልቻ መንገድ

መኪናው የቶዮታ 5ኬ ሞተር (1,486 ሲሲ) የገባለት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) ባለ ሁለት አፍ ዌበር 32/36፣ ቁጥሮቹ የአፎቹ ስፋት በሚሊ ሜትር፤ ቾኩ (ለብርድ ማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛው) በእጅ የሚሳብ። 8 ወር በአብዛኛው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ አንዳንዴም እስከ ሐይቅና ባቲ ሠርቷል። ለዚህ ሞተር ልኩ ይህ ነው፤ በደሴ ከፍታ ከዚህ የሚተልቅ መግጠም ቤንዚን ማባከን ነው።

የመጠኑ ስሌት ቀላል ነው። ሞተሩ በሁለት ዙር አንዴ ሙሉ መጠኑን ይስባል፤ ስለዚህ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር 1.486 ሊትር በ3,000 ሲባዛ በደቂቃ 4,458 ሊትር አየር ይሆናል። ቴስታታውና (የሞተሩ ራስ) ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያልተነኩ ሞተር ግን ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ 85 በመቶ መውሰድ ይበቃል። ውጤቱ 3,790 ሊትር ገደማ፣ በካርቡሬተር ሻጮች መለኪያ 134 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ) ነው። ለ4ኬ (1,290 ሲሲ) በዚሁ መንገድ 116 ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ባለ ሁለት አፍ ካርቡሬተር በ3 ኢንች ሜርኩሪ ስበት ሲለካ ባለ አራት አፍ ደግሞ በ1.5 ነው የሚለካው። በ3 ተለክቶ 300 የተጻፈበት በ1.5 ቢለካ 212 ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማወዳደር አያዋጣም።

ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ክብደት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 78 በመቶ ገደማ ነው። መኪናው የዶሮ መዝለያን ዳገት ሲወጣ የሚሰንፈው ለዚህ ነው፤ ብዙ ባለመኪና ግን የካርቡሬተሩ ጉሮሮ (በአፉ ውስጥ ያለው ጠባብ የአየር መተላለፊያ) ጠቦ ይመስለውና ትልቅ ፍለጋ ይሄዳል። ሞተሩ ደሴም ላይ የሚስበው ሊትር ያው ነው፤ የሳሳው ሊትሩ ራሱ ነው። ጉሮሮ ማስፋት አየሩን አያከብደውም። ይባስ ብሎ፣ ቤንዚኑን ከጂግለር (መጠኑን የሚወስነው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) የሚያወጣው ስበት ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ ስለሚቀንስ በእኩል ፍጥነት እንኳ ደሴ ላይ 22 በመቶ ያህል ይደክማል። በዚህ የደከመ ስበት ላይ ሁለቱ አፎቹ እኩል የሚከፈቱትን ዌበር 38 መግጠም ማለት ከፒያሳ ተነስቶ ፔዳል በረገጡ ቁጥር ሞተሩ እንዲታነቅ መፍቀድ ነው። 32/36 ግን በአንደኛው አፍ፣ በ26 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ብቻ ከተማውን ይሠራል፤ ባለ 27ቱ ሁለተኛ አፍ የሚከፈተው ፔዳሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከተረገጠ በኋላ ነው። በ3ኛ ማርሽ ዳገት ላይ ሲከፈት በግልጽ ይሰማል።

ከካርቶኑ የወጣው ዋና ጂግለር 140 (የቀዳዳው ዲያሜትር 1.40 ሚሊ ሜትር) ነበር፤ ያ ለቆላ ነው። ደሴ ላይ ሞተሩ 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) እንደ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። የጂግለሩ ቀዳዳ ስፋት በ12 በመቶ፣ ዲያሜትሩ በ6 በመቶ መቀነስ አለበት፤ ይህም 132 ነው። ለኮምቦልቻ (1,850 ሜትር ገደማ) ስሌቱ 134 ይሰጣል፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ 132 ለሁለቱም ይበቃል፣ ካንዴላውም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ወደ ሚሌና ሰመራ የሚወርድ ግን በ132 እንዳይሄድ። እዚያ ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቤንዚኑ 10 በመቶ ያህል ያንሳል፣ በሙሉ ጭነት ሞተሩ ይንኳኳል፣ ፒስተን እስከመብሳትም ይደርሳል። የ140ዎቹን ጥንድ መኪና ውስጥ አስቀምጦ ባቲ ላይ መቀየር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ጂግለር በመሰርሰሪያ ማስፋት ወይም ቀጭን ሽቦ ሰክቶ ማጥበብ ግን ይቅር፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈበት ቁጥር ምንም አይነግርም።

ለሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ ለሚዞረው ዝቅተኛ ዙር) ከ60 ይልቅ 55 ጂግለር ተስማምቷል። አስተካከሉ በሞቀ ሞተር ነው፦ የሚኒሞ ዙር ማስተካከያው ብሎን ፔዳሉ የሚስበውን ክንድ ከነካ በኋላ ከ1 ዙር ተኩል በላይ አይግባ። የቤንዚን ብሎኑን በቀስታ እስከ መጨረሻው አስገብቶ 2 ዙር መመለስ፣ ሞተሩ መድከም እስኪጀምር ወደ ውስጥ ማዞር፣ ከዚያ ለስለስ እስኪል መልሶ መክፈት። ከ1 ዙር ከሩብ በታች ላይ ከተስተካከለ ጂግለሩ ትልቅ ነው፤ ከ2 ዙር ተኩል ካለፈ ትንሽ ነው ወይም ቆሻሻ ይዞታል።

ያስቸገረው ሌላ ነው። ካርቡሬተሩን ከማኒፎልዱ (ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ቧንቧ) ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት ብሎኖቹ በንዝረት ይላላሉ፤ አየር ሲገባ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፣ ሰውም ካርቡሬተሩን ይወቅሳል። የብሎን ማጣበቂያ ቀብቶ ማሰር፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹን መፈተሽ ግድ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በኬ ሞተር የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በአንድ ወገን ስለሆኑ ካርቡሬተሩ እሳት ላይ እንደተጣደ ነው፤ በከፍታ ደግሞ ቤንዚን በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ከኮምቦልቻ ወጥቶ ደሴ ላይ 10 ደቂቃ የቆመ መኪና በቀላሉ አይነሳም። ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ጋስኬትና ከሥር የብረት ከለላ ችግሩን በጣም ቀንሰውታል። በቤንዚን ከታነቀ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ይዞ ማስነሳት ነው፤ ደጋግሞ መርገጥ ቤንዚን ይጨምርበታል።

የነዳጅ ፓምፑ ግፊት ከ3.5 ፒኤስአይ እንዳያልፍ በጌጅ ይለካ፤ ካለፈ የካርቡሬተሩ የቤንዚን መዝጊያ መርፌ ቤንዚኑን መያዝ ያቅተውና በጉሮሮው ያፈሳል። የቤንዚን ፍጆታው ከአይሳኑ (ከሞተሩ የፋብሪካ ካርቡሬተር) በጥቂቱ ይበልጣል፣ ሁለተኛውን አፍ ለሚወድ እግር ደግሞ ከጥቂትም በላይ። ጠዋት በደሴ ብርድ ቾኩን ሙሉ ስቦ ማስነሳት፣ 1 ደቂቃ ቆይቶ ግማሹን መመለስ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሳይደርሱ ጨርሶ መዝጋት ነው፤ ተረስቶ ከቀረ ካንዴላው በዚያው ቀን ይጠቁራል።