የደንገል ታንኳ ወይስ የግንድ ጀልባ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ላይ በቁሙ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ምስጢሩን አይቶታል፦ ደንገል ውኃ ይጠጣል። ቀን ከሠራ መድረቅ አለበት፤ ቢንከባከቡትም ዕድሜው ከወራት አያልፍም፣ ይበሰብሳል። ግን ደንገሉ እዚያው ጣና ዳር ይበቅላል። ማጭድና የሚያስር እጅ ካለ ሌላ ይሠራል። የወይጦ ማኅበረሰብ ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ኖሯል።

ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ጀልባ ሌላ ዓለም ነው። በኦሞ ወንዝ ዳሰነቾች ይጠቀሙበታል። ናይጄሪያ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የተገኘው የዱፉና ጀልባ 8000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የትኛው ታንኳ ይህን ያህል ይቆያል? ችግሩ ትልቅ ዛፍ መፈለጉ ነው፤ ጣና ዙሪያ ደግሞ ደህና ጥንታዊ ዛፍ የቀረው በየገዳማቱ ቅጥር ነው፣ ማን ደፍሮ ይቆርጣል?

ደንገልን የናቀ ካለ ደግሞ፣ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1970 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ያቋረጠባት ራ ሁለት የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከደንገል ነበር። እኔ ለጣና ታንኳን እመርጣለሁ፤ መቀመጫዬ እንደሚርስ እያወቅሁ።