ሙሉ ሲሊኮን ካቴተር ለዳሌ ስብራት ታካሚ፦ ጥንካሬውና ድክመቱ

የዳሌ አጥንት ተሰብሮ የሽንት መውጫ ቧንቧ ሲቀደድ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ያህል ይዘገያል፤ እስከዚያ ሽንት የሚወጣው ከእምብርት በታች በገባ ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቀጭን ቱቦ) ነው። ለዚህ ሥራ ከላቴክስ (ከተፈጥሮ ጎማ) ይልቅ ሙሉ ሲሊኮኑን እንመርጣለን። 16 ፍሬንቹ (ፍሬንች የካቴተር ውፍረት መለኪያ ነው) ከውጭ 5.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግድግዳው ስስ በመሆኑ ግን ውስጡ ከላቴክሱ ይሰፋል፣ በረጋ ደምና በዝቃጭም ቶሎ አይደፈንም።

ድክመቱ ጫፉ ላይ ያለው፣ በውሃ ተሞልቶ ካቴተሩን በቦታው የሚይዘው ፊኛ (ባሉን) ነው። ውሃው በሲሊኮኑ በኩል ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ ካቴተሩ ሊወልቅ ይችላል። የሚሞላው ከጀርም የጸዳ ውሃ ይሁን፤ ጨው ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሠርቶ የፊኛውን መስመር ይዘጋል። ሲወጣም ፊኛው ስለሚጨማደድ ውሃው በሲሪንጅ ሳይሳብ በራሱ ይፍሰስ።

በብልት ጫፍ ደም ከታየ ግን የትኛውም ካቴተር በቧንቧው በጭፍን አይገባም፤ መጀመሪያ በቀለም የሚነሳ ራጅ።